የይሉኝታ ምንዛሪ

ቴል ሞንድና ኔታንያ ጎረቤት ብቻ ሳይሆኑ እኩዮችም ናቸው፤ ሁለቱም የተቆረቆሩት በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ስማቸውንም ሁለቱም ያገኙት ከሀብታም ነው። ቴል ሞንድ የተሰየመችው በእንግሊዙ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ባለጸጋ በሰር አልፍሬድ ሞንድ ነው፤ ኔታንያ ደግሞ ከኒውዮርኩ የማሲስ መደብር ባለቤቶች አንዱ በነበረው በናታን ስትራውስ። «ቴል» በዕብራይስጥ ጉብታ ማለት ነው፤ «ሞንድ» ለጀርመኑ ጨረቃ፣ ለፈረንሳዩ ደግሞ ዓለም ነው። ስለዚህ የቴል ሞንድ ሰው አድራሻውን ሲናገር አንዱ ሰሚ የጨረቃ ጉብታ ላይ፣ ሌላው የዓለም ጉብታ ላይ የሚኖር ይመስለዋል። ሻንጣ አንጠልጥሎ ለሚወጣ መንገደኛ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። የስትራውስ መደብር ደግሞ ለዚህ ወግ የምትሆን አንዲት ታሪክ ትቶልናል። ማሲስ ለብዙ ዓመታት በዱቤ አልሸጥም ያለ ሱቅ ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ስለሚቀበልም ዋጋው 6 በመቶ ያህል እንደሚረክስ ያስተዋውቅ ነበር። በስትራውስ ስም የምትጠራው ኔታንያ ደግሞ በእስራኤል ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች ዋነኛዋ ናት። እነሆ ዛሬ የእርሷም ሆነ የቴል ሞንድ ነዋሪ ካርዱን ይዞ ወደ ውጭ አገር ሲወጣ፣ ያው 6 በመቶ በሌላ በር ዞሮ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ ያኔ ይቀነስ የነበረው አሁን የሚጨመር መሆኑ ብቻ ነው።

የሚጠብቀውም በጥያቄ መልክ ነው። የቴል ሞንድ ቤተሰብ ለዕረፍት አቴና ወይም ላርናካ ወረደ እንበል። እራቱ ተበልቶ ሂሳብ ሲመጣ አስተናጋጁ የካርድ ማሽኑን ያቀርባል። ማሽኑ ከካርዱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ተነሥቶ ባንኩ የየት አገር እንደሆነ ያውቃል፤ አውቆም በዩሮ ወይስ በሼኬል ይከፍላሉ ብሎ ይጠይቃል። የሼኬሉ ድምር እስከ ሳንቲሟ፣ እስከ አጎራዋ ተሠልቶ ተቀምጧል። ጥያቄው ለሀበሻ ጆሮ ይጥማል። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ የባንክ ጸሐፊዋም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው የሱቅ ልጅም ሰባ ዓመት ያለፋቸውን አባት «አንተ» ብለው ነው የሚያናግሩት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ማሽን የአገራቸውን ገንዘብ አስታውሶ፣ ሂሳቡን ሠርቶ፣ ፈቃዳቸውን ሲጠይቅ እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? አስተናጋጁስ እዚያው ቆሞ እያየ? አረንጓዴው ቁልፍ ይጫናል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፤ በውጭ አገር በካርድና በምንዛሪ ሰበብ የምንከፍለው ትርፍ ገንዘብ አብዛኛው ሒሳብ ያለማወቅ ዋጋ ሳይሆን የይሉኝታ ዋጋ ነው። መድኃኒቱም በጊዜዋ የተባለች አንዲት «አይ» ናት።

ጥያቄው መስተንግዶ ቢመስልም ንግድ ነው። ከፋዩ በዩሮ ልክፈል ካለ፣ ዩሮውን ወደ ሼኬል የሚመነዝሩት ቪዛ ወይም ማስተርካርድና ካርዱን የሰጠው ኩባንያ ናቸው። የቪዛና የማስተርካርድ የዕለት ተመን ማንም በስልኩ ከፍቶ ሊያየው የሚችል፣ ትልልቅ ባንኮች እርስ በርሳቸው ከሚገበያዩበትም ብዙ የማይርቅ ነው። በሼኬል ልክፈል ካለ ግን ምንዛሪው እዚያው እራት ጠረጴዛው ላይ ይፈጸማል። ተመኑን የሚቆርጠው ከማሽኑ ጀርባ ያለው የክፍያ ድርጅት ነው፤ በተመኑ ላይ የሚያክለውን ትርፍም ብዙ ጊዜ ከነጋዴው ጋር ይካፈለዋል። ጭማሪው እንደ ቦታው 3 በመቶ፣ 6 በመቶ፣ አንዳንዴም ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ነገሩ ስላላማረው በ2019 እ.ኤ.አ. ደንብ አወጣ፤ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮም በኅብረቱ አገሮች ለተሰጡ ካርዶች ማሽኑ ጭማሪውን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር አነጻጽሮ በመቶኛ እንዲያሳይ አዘዘ። ደንቡ አገልግሎቱን አልከለከለም፤ እንዲታይ ብቻ ነው ያደረገው። ለኅብረቱ ሰዎች ዓይን ሰጠ ማለት ነው፤ እኛ ግን ዓይኑንም አፉንም ከቤታችን ይዘን መሄድ አለብን።

ቁጥር እናስገባበት። ለስሌት እንዲቀል አንድ ዩሮ 4 ሼኬል ነው እንበል፤ ቤተሰቡም በሳምንት ውስጥ 2000 ዩሮ በካርድ አወጣ። ትክክለኛው ዋጋ 8000 ሼኬል ነው። በየጥያቄው «ሼኬል» እያሉ 6 በመቶ የሚጨምር ማሽን ከገጠማቸው 8480 ይከፍላሉ። «ዩሮ» ቢሉና ካርዳቸው 3 በመቶ የውጭ ምንዛሪ አምላ (ኮሚሽን) የሚቆርጥ ቢሆን 8240 ይሆናል። አምላ የማይቆርጥ ካርድ ቢይዙ ደግሞ እዚያው 8000 አጠገብ ይቆማል። በአንድ ቃል 240 ሼኬል፣ በአንድ ቃልና በአንድ ካርድ 480 ሼኬል ኪስ ውስጥ ቀረ ማለት ነው፤ ከቴል ሞንድ ኔታንያ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ እንደሚያመላልስ አንባቢው ያስላው። እስራኤል ያለው አማርኛ ተናጋሪ ኮሚሽንን «አምላ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ቃሉ የዕብራይስጥ ነው። «አምላክ» ከሚለው ቃል አንዲት ፊደል ብትጎድል «አምላ» ይቀራል፤ ሁለቱም በማይታይ መንገድ ይሠራሉ፣ አንዱ ግን ይሰጣል፣ ሌላው ይወስዳል። አንዳንድ ካርድ ሰጪ ደግሞ ክፍያው በሼኬል ተፈጽሞ ቢመጣለት እንኳ «ከውጭ አገር መጥቷል» ብሎ የራሱን አምላ ከላይ ይጥላል። ያኔ ማሽኑም በላ፣ ባንኩም በላ፤ ባለካርዱ ብቻ እራቱን አንድ ጊዜ በላ።

ዋጋ መከራከር የማናውቅ ሰዎች ሆነን ግን አይደለም። መርካቶ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ጊዜ ሄዶ የሚመለስ፣ ኔታንያ ገበያ ውስጥ ዓርብ ሰንበት ሊገባ ሲል ቲማቲሙ እስኪረክስ የሚያደባ ሕዝብ ነን። ታዲያ ማሽኑ ፊት ምን ነካን? ሽንኩርት ሻጯ ዋጋ ስትጠራ ዋጋ መሆኑን እናውቃለን፤ ማሽኑ ግን ዋጋ አይጠራም፤ ምን ይሻልዎታል ነው የሚለው። ምን ይሻልሃል ተብሎ የተጠየቀ ሀበሻ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ያለው ይምጣ፣ እኔ ምንም አልል» ይላል። ገንዘብ ማውጫው ማሽን፣ በእስራኤል አጠራር ካስፖማቱ፣ ከዚህም ይብሳል። ምንዛሪውን አልፈልግም ብለው ሲጫኑ ዝም አይልም፤ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ደግሞ ይጠይቃል። ይህች ሁለተኛ ጥያቄ እኛ «በሞቴ» የምንላት ናት። በቃኝ ያለ እንግዳ «በሞቴ» ሲባል አፉን እንደሚከፍት፣ እምቢ ያለውም ተጓዥ በሁለተኛው ጥያቄ ይረታል። አንዳንዱም ምንዛሪውን እምቢ ካልኩ ገንዘቡም ይቀርብኛል ብሎ ይሰጋል። አይቀርም። ምንዛሪውን መከልከል ገንዘቡን መከልከል አይደለም፤ ብሩ ያው ይወጣል፣ የሚመነዝረው ብቻ ይለወጣል።

ሼኬልና ብር አብረው ሲጠሩ የመጀመሪያው አይደለም። ሼኬል የሚለው ቃል ከመመዘን የመጣ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሰቅል» ይለዋል። አብርሃም ሣራን የቀበረበትን ዋሻ ኬብሮን ላይ ሲገዛ የከፈለው 400 ሰቅል ብር እንደሆነ በዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ተጽፏል። ሁለቱ ገንዘቦች ያለ አምላ አብረው የተከፈሉት ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከቁጥሩ በላይ የሚያስተምረው ግን የድርድሩ ወግ ነው። ሻጩ ኤፍሮን መጀመሪያ እንዲያው ውሰደው ይላል፤ ኋላ ዋጋውን የሚጠራውም እንደ ዋዛ፣ በወዳጆች መካከል ኢምንት ነው በሚል ትሕትና ጠቅልሎ ነው። ይሉኝታን ለንግድ በማዋል ረገድ የማሽኑ አያት እሱ ይመስለኛል። አብርሃም በበኩሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ከዚያም ብሩን መዘነ፤ የመዘነውም በዚያ አገር ነጋዴዎች መካከል በሚሠራበት መለኪያ ነው። ዋጋው ተወዶበታል የሚሉ አሉ፤ ይሁን። ሆኖም እንግዳው ሰው በቆመበት አገር ገንዘብ ከፈለ፣ ለሻጩ ጨዋነት ብሎም ሚዛኑን አላዛባም። እጅ መንሣትና መመዘን አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው።

የኛም ቅድመ አያቶች በገንዘብ ፊት አፋሮች አልነበሩም። ጠገራ ብር፣ ማለት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ በኢትዮጵያ ገበያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ገበሬው በዙሪያው የተጻፈውን ባያነብም የንግሥቲቱን ዕንቁ ይቆጥር ነበር። በራሷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ነቁጦች ካልተሟሉ ወይም ከደበዘዙ ብሩ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ማንም ይሁን ማን። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ የተቀረጸው ብር ሁሉ ያው «1780» የሚል ዓመት መያዙ ገበያው የለመደው መልክ እንዳይነካበት ነው። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር አስቀርጸው ቢያወጡም፣ ገበያው የቀድሞዋን አልለቀቀም። ንጉሡን ሲያይ መሬት የሚስም ሰው የንጉሡን ብር «ቆይ ልየው» ሲል ይሉኝታው ኪሱ ድረስ አልወረደም ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ መቶ ዶላር የሰጠ ሰው ኖቱ ወደ ብርሃን ሲነሣ፣ ጠርዙ ሲዳሰስ፣ እጥፋቱ ሲመረመር፣ የፍራንክሊን ምስል አነስ ብሎ የታተመበት የድሮው ኖትም ሲመለስ ያያል። ወረቀት ሲሆን እንዲህ የምንጠነቀቀው ሰዎች ነን ስክሪን ላይ ስንደርስ ዓይናችንን የምንጨፍነው። ጠገራ ብር ይዳሰሳል፤ ተመን አይዳሰስም።

ተመን ይጠየቃል ብሎ ያስተማረንም የለም። የኢትዮጵያ ብር ከ1973 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. አንዱ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተቸንክሮ ኖረ። በ1984 መጨረሻ በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል የወጡትም፣ በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው በሁለት ቀን ውስጥ የተጓዙትም፣ ጥለውት የሄዱት አገር ተመን እንደ ፀሐይ መውጫ የማይለወጥበት ነበር። የሙሴ ዘመቻ ተጓዦች ያረፉበት እስራኤል ደግሞ በ1984 ዋጋ ከ400 በመቶ በላይ የናረበት፣ በዓመቱም 1000 አሮጌ ሼኬል በአንድ አዲስ ሼኬል የተለወጠበት አገር ነበር። አንዱ አገር ተመን የመንግሥት ሥራ ነው፣ አትጠይቅ ብሎ አስተማረ፤ ሌላው ተመን ማንም ሊይዘው የማይችል ጎርፍ ነው፣ ብትጠይቅም ዋጋ የለውም ብሎ። ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች የሚመረቀው ተማሪ አንድ ዓይነት ነው። ቲማቲሙን ስንት ነው ይላል፣ ዩሮውን ስንት ነው አይልም። ገንዘብም ራሱ ዋጋ ያለው ዕቃ መሆኑን፣ መግዣና መሸጫ እንዳለው፣ ሻጩም እንደ ሽንኩርት ሻጯ ማትረፍ እንደሚፈልግ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል። «እኔ የምፈልገው ስንት እንደተቆረጠብኝ እዚያው ማወቅ ነው፤ በዩሮ ከከፈልኩ ነገ ባንኩ ስንት እንደሚያደርገው በምን አውቃለሁ?» የሚል አለ። ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል፤ መረጋጋት ዋጋ ያለው ነገር ነው። የተገዛው መረጋጋት ከሆነ ግን የመረጋጋቱም ዋጋ ይታይ። ሼኬልና ዩሮ በሁለት ቀን ውስጥ 6 በመቶ የሚራራቁበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰውየው ምናልባት አንድ በመቶ ከሚሆን ስጋት ለመዳን 6 በመቶ በእርግጥ ይከፍላል፤ ጠብ ይላል ብሎ ቆርቆሮውን በሙሉ እንደ መንቀል ነው። ቁጥሩን የፈለገ ሰው ጠዋት የዕለቱን ተመን በስልኩ አይቶ፣ በእርሱ አባዝቶ፣ የካርዱን አምላ ቢጨምርበት ነገ የሚመጣለትን ሂሳብ ጥቂት ሼኬል ሲቀር ያውቀዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት ማባዛት ብቻ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። አቴና ሄዶ በሼኬል አስከፍሉኝ ማለትም ከዚያ አይርቅም። ልዩነቱ፣ አቴናዎች ቁርበቱን አንጥፈው የኪራዩን ያስከፍላሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከክብር የሚመጣ ነው። «ለዕረፍት ወጥቶ ሳንቲም መቁጠር ስስት ነው፤ የቡና ዋጋ ለማትሆን ነገር ማሽን ፊት መገተር ያሳፍራል» ይባላል። እኛ ምግብ ቤት ውስጥ ሂሳብ እኔ ልክፈል ብለን ክንድ የምንጠማዘዝ፣ ከአስተናጋጁ እጅ ደረሰኝ የምንነጥቅ ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ይገባኛል። ነገር ግን ቸርነት ተቀባይ አለው። ለጓደኛ የተከፈለች እራት ዓመት ሙሉ ትወራለች፤ ለለማኝ የተሰጠች ሳንቲም ምርቃት ታመጣለች። ለክፍያ ድርጅቱ የተሰጠ 6 በመቶ ግን አመሰግናለሁ እንኳ አያሰኝም፤ ድርጅቱ ቸር መሆንዎን አያውቅም፣ ያልጠየቁ መሆንዎን ብቻ ያውቃል። የቡና ዋጋ ናት የሚባለውም አንዷን ብቻ ስናይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እዚህ ግን ሃምሳውም ሎሚ የሚወጣው ከአንድ ሰው ሻንጣ ነው። ለባዕድ ድርጅት የፈሰሰው 240 ሼኬል ጎንደር ላለች አክስት ቢደርስ ስንት ቀን እንደሚወራ ማሰብ ነው። መቁጠር የቸር ሰው ሥራ ነው፤ የሚሰጠው የሚኖረው የቆጠረ ነውና።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ «እንግዲያው ካርዱን እርሱት፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መሄድ ነው» ይላል። የስትራውስ መደብር ደንበኛ መሆን ነበረበት። ጥሬ ገንዘብም የራሱ አምላ አለው፤ ስሙን ስለማይናገር ነው የማይታየው። አየር ማረፊያ ውስጥ ኮሚሽን የለም ብሎ የለጠፈ የምንዛሪ መስኮት የጽድቅ ሥራ ላይ የተሰማራ አይደለም፤ ትርፉን በመግዣውና በመሸጫው መካከል ቀብሮታል። በተለይ ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዝ ሰው ነገሩ ይጠብቃል። ሼኬል በአዲስ አበባ ባንኮች የዕለት ዝርዝር ላይ የተለመደ ስም ስላልሆነ፣ እዚህ ዶላር ገዝቶ እዚያ ዶላሩን በብር መሸጥ ግድ ይሆናል፤ ሁለት ምንዛሪ፣ ሁለት ትርፍ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህ የባንኮቹ ተመን አንዱ ከሌላው ይለያያል፤ ከባንክ ውጭ ያሉ የምንዛሪ ቢሮዎችም ፈቃድ አግኝተዋል። አንድ ባንክ ገብቶ ተመኑን ጠይቆ «ልምጣ» ብሎ ወደሚቀጥለው መሄድ እንግዲህ ነውር ሳይሆን ሥራ ነው። ጉዞው ሲያልቅ የተረፈ ብርም ሌላ ኪሳራ ነው፤ ከአገር ይዞ መውጣቱ በገደብ ነው፣ ኔታንያ ላይ የሚመነዝረውም የለም። ስለዚህ የሚበቃውን ያህል ከፋፍሎ መመንዘር፣ ካርዱን በባንክ ማሽን ለመጠቀም፣ ዶላሩን ደግሞ ኔትወርክ ለጠፋበት ቀን መያዝ ይሻላል።

አራተኛው ተቃዋሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ «ምን ባንክ ለባንክ ያዞርሃል፤ ከውጭ የሚመነዝር የታወቀ ልጅ አለ» ይላል። ከውጭ የሚመነዝረው ከባንክ የተሻለ ቁጥር የሚጠራበት ጊዜ መኖሩን መካድ አይቻልም። ሕገ ወጥ መሆኑ ግን እንዳለ ሆኖ፣ ለዚህ ጽሑፍ የሚገባው ሌላ ጉዳት አለው፤ መንዛሪው የሚመጣው በዘመድ በኩል ነው። በዘመድ የመጣ ሰው ፊት ብር መቁጠር ነውር ይሆናል፣ ተመኑን መጠየቅ አለማመን ይሆናል፣ ሐሰተኛ ኖት ቢገኝ መመለስ ደግሞ ዘመድ ያጣላል። ይሉኝታን ከማሽኑ አምልጠን በባሰ ቦታ አገኘናት ማለት ነው። ነገሩ ከሥሩ መጥፎ ሐሳብ ግን አይደለም። ሁለት ኢስቶኒያውያን፣ ክሪስቶ ኬርማንና ታቬት ሂንሪኩስ፣ ለንደን ላይ አንዱ ዩሮ ያገኛል ፓውንድ ይፈልጋል፣ ሌላው ፓውንድ ያገኛል ዩሮ ይፈልጋል፤ ባንኩን ትተው በዕለቱ መካከለኛ ተመን ይለዋወጡ ነበር። እኛ «እዚያ ስጥልኝ፣ እዚህ ልስጥህ» የምንለው ነው። እነርሱ ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ኩባንያ አድርገው ትራንስፈርዋይዝ አሉት፤ ዛሬ ዋይዝ ይባላል። በፈቃድ ይሠራል፣ ተመኑንና ክፍያውን ለየብቻ ጽፎ ያሳያል። የኛ ልጅ የጎደለው ብልሃት አልነበረም፤ ተመኑን በግልጽ መጻፍ ነው።

እንግዲህ «አይ» የምትባለው ቃል የት የት እንደምትቀመጥ ማወቅ ይቀራል። የመጀመሪያዋ «አይ» ከቤት ሳይወጡ ለባንኩ ናት፤ የካርዱ የውጭ ምንዛሪ አምላ ስንት እንደሆነ ደውሎ መጠየቅ፣ ብዙ ነው ካሉ መከራከር ነው። እስራኤል ውስጥ የባንክ አምላ እንደ ዓርብ ቲማቲም ነው፤ የጠየቀ ይቀነስለታል፣ ያልጠየቀ በተጻፈው ይከፍላል። ሁለተኛዋ በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ሲያስቡ ናት፤ ብዙ ጊዜ ከአምላው ሌላ ከዚያው ቀን የሚጀምር ወለድ አለው። ሦስተኛዋ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማውጣት ላይ ናት፤ ማሽኑ በእያንዳንዱ ጊዜ የማይለወጥ ክፍያ ከቆረጠ፣ አሥር ጊዜ መሄድ አሥር ጊዜ መከፈል ነው። አራተኛዋና ዋናዋ ያችው የስክሪኗ ናት፤ ሆቴልም፣ መኪና ኪራይም፣ ሱቅም፣ ካስፖማትም ቢሆን የሚበሉበትን አገር ገንዘብ መምረጥ። አስተናጋጁ ቀድሞ ሼኬሉን ተጭኖ ቢያቀርብ ደረሰኙን አይቶ ሰርዝልኝና በዩሮ ድገመው ማለት ይቻላል፤ የቪዛም የማስተርካርድም ደንብ ምርጫውን ለባለካርዱ እንጂ ለነጋዴው አልሰጠም። ደረሰኝ ላይ የሚፈለገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከድምሩ አጠገብ የማን አገር ገንዘብ ተጽፏል? ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ጊዜ ቅድመ አያታችን የማሪያ ቴሬዛን ዕንቁ ለመቁጠር ከሚፈጅባቸው ያንሳል።

ይሉኝታ የሚጠላ ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ያኖረ፣ ቂም ያበረደ፣ ሽማግሌ ያስከበረ ነው። ቦታው ግን ሰውና ሰው መካከል ነው፤ ይሉኛል የሚባለው የሚል ሰው ሲኖር ነውና። አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለው ማሽን አቴናም ላይ ሆነ አዲስ አበባ ሲጠይቅዎ የአገሩን ገንዘብ ይምረጡ፤ ሁለተኛ ቢጠይቅዎም ሁለተኛ እምቢ ይበሉ። እራቱ አይቀዘቅዝም፣ ካርዱ አይዘጋም፣ ገንዘቡም ይወጣል። ማሽን አይቀየምም።